ቁልፉን ሌላ ሰው ሳያገኘው

ሰኞ 2

ስቱዲዮውን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አራቱም ኮምፒውተሮች እንደበሩ አድረዋል። ማራገቢያቸው ይጮኻል፣ ግድግዳው ይፋጃል፣ የጋለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ወንድሜ ወንበሬ ላይ ተንፈላሶ ሻይ ይጠጣል። ወንበሬ ላይ!

«እንዴት አደርሽ እታለም?»

«ምን አድራለሁ! አጥፋልኝ ይሄን ጉድ!»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ የያዝኩት ክፍል ሊያልቅ ነው።»

ዘላለም ሊያልቅ ነው። የሰው ሰርግ ቪዲዮ ቆርጬ፣ ሙዚቃ ገጥሜ ማስረከብ ያለብኝ እኔ ነኝ። ኮምፒውተሮቹን ጫማ ሳልቀይር፣ አንድ በአንድ የገዛኋቸው እኔ ነኝ። እሱ ቁጥር ያሳድድባቸዋል።

በስንት ጭቅጭቅ አንዱን ማሽን ለቀቀልኝ። «ለጊዜው» አለኝ። ለጊዜው! በገዛ ንብረቴ ለማኝ ሆንኩ።

ረቡዕ 4፣ ማታ

ለራሴም እንዲገባኝ ልጻፈው። ስናደድ ነገሩ ሁሉ ይምታታብኛል።

ከዓመታት በፊት አንድ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የክሪፕቶ ገንዘቡን በብዙ ሳጥኖች ከፋፍሎ አስቀመጠ። ሳጥን የምለው እኔ ነኝ፤ ወንድሜ «አድራሻ» ነው የሚለው። የእያንዳንዱ ሳጥን ቁልፍ አንድ ረጅም ቁጥር ነው። ሰውየው ቁጥሩን አልተናገረም፤ ከየት እስከ የት ባለው መካከል እንዳለ ግን ለዓለም ሁሉ ተናገረ። ያገኘው ይውሰደው አለ። ስለዚህ ስርቆት አይደለም። ይሄንን ወንድሜ ደጋግሞ ይነግረኛል፣ የጠየቅሁት ይመስል።

ትንንሾቹን ሳጥኖች ሰዎች ከፍተው ጨርሰዋል። የቀሩት ትልልቆቹ ናቸው። መላ የለውም፣ ብልጠት የለውም፤ ቁጥሮቹን እያነሱ መሞከር ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ለቪዲዮ የተሰራ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ የመሰለ ነገር የለም። የእኔ ካርዶች እኔ አንዴ ዓይኔን እስክጨፍን ስንት መቶ ሚሊዮን ቁጥር ሞክረው ይጥላሉ።

«ታዲያ ስንቱ ቀረን?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ብታውቂው አትወጂውም» አለኝ።

ሂሳብ ነው የተማረው። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ላይ ከወደቀ ዓመት አለፈው። እማዬ «ሊቁ» ትለዋለች፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ሊቁ ደከመው። ሊቁ በላ? ሊቁ ተኛ? ዛሬ እራት ላይ ስለ መብራቱ ወጪ ሳነሳ ምን አለችኝ? «ልጄን አትነዝንዢው፣ አንድ ቀን ያልፍለታል።»

ያልፍለታል። ያልፍልናል እንኳ አላለችም። የቤቱን ኪራይ የምከፍለው፣ መድኃኒቷን የምገዛው፣ ጠዋት ወጥቼ ጀርባዬ እስኪሰነጠቅ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እኔስ? እኔን «ሊቋ» ያለኝ ማን አለ?

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። አንዱን ሰበርኩት። ሆን ብዬ አይደለም።

ቅዳሜ 7

መብራት ጠፋ። ብሬከሩ ወረደ፣ ከታች ያለው ፋርማሲ ጭምር። ሽቦው አንድ ነው፣ የእኛም የእሷም። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ደረጃውን ወጥታ መጣች።

«እህቴ፣ ፍሪጄ ጠፋብኝ። ኢንሱሊን አለበት፣ ከሞቀ አይሆንም።»

«ይበራል» አልኳት።

«አውቃለሁ ይበራል። እኔ ስኖር ወዲያው አነሳዋለሁ። እሁድ ግን ዘግቼ ነው የምውለው፤ ያኔ ቢወድቅ ማንም አያይልኝም።»

ፈገግ ብላ ነው የምትናገረው። ፈገግታዋ ነው ደሜን የሚያፈላው። ጮኻ ብትመጣ እኔም የምመልስላት አለኝ።

ሊቁ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባላት። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድም ማሽን አይበራም። በማን ማሽን ነው ቃል የሚገባው? እኔን ማን ጠየቀኝ?

ደግሞ እኮ እንዲጠፋ የምፈልገው እኔ ነበርኩ። ገና ሳምንት ሳይሞላው «አጥፋ» ብዬ ስጮህ የነበርኩት። ዛሬ ምን እንዳናደደኝ እንጃ።

ቅዳሜ 14

ቃሉን ጠብቆ አጠፋቸው። ክፍሉ ጭር አለ። ጆሮዬ ጩኸቱን ለምዶት ኖሮ ዝምታው ደበረኝ።

እሁድ 15

ስቱዲዮ ሄጄ ነበር፣ ለስራ። አንድ ሰርግ ስላላለቀልኝ። ትንሽ ቆረጥኩ። ሌሎቹ ማሽኖች ጠፍተው ሲታዩ አንጀት ይበላሉ፤ ያን ሁሉ ገንዘብ የወጣባቸው እቃዎች ዝም ብለው ተቀምጠው። በዚህች ሰዓት ሌላ ቦታ ያለ ሰው እየሞከረ ነው። የእኛን ቁጥር፣ ዛሬ፣ እኛ እሁድ ነው ብለን በተኛንበት።

ለጥቂት ጊዜ ብዬ አበራኋቸው። ከዚያ እማዬ ዳቦ ግዢ ብላ ደወለች፤ በዚያው ወጣሁ።

ሰኞ 16

ብሬከሩ ትናንት ወርዷል። ፋርማሲስቷ ጠዋት ስትከፍት ፍሪጁ ለብ ብሎ አገኘችው። ያለውን ኢንሱሊን በሙሉ በካርቶን አውጥታ ደረጃው ስር አስቀምጣዋለች፣ የሚጣል። እኔ ስደርስ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌ ደጃፏ ላይ ቆመው «ታዲያ የት ልሂድ ልጄ?» ይሏታል። እሷ ስልክ ላይ ሌላ ፋርማሲ ታፈላልግላቸዋለች።  ዛሬ ፈገግታም የላት።

ወንድሜ ከኋላዬ መጣ። ካርቶኑን አየ፣ ወደ ላይ አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላጠፋ ረስቼ ነው» አላት። ሽማግሌውን ደግፎ እስከ ሌላው ፋርማሲ ሸኛቸው። የተበላሸባትንም በየወሩ እየከፈለ ሊተካላት ተስማማ። ከየትኛው ደመወዙ?

እኔ ምን ልበል? አንድ ሽቦ ለሁለት ቤት የዘረጋው አከራዩ ነው። ያንን ማንም አያነሳም። ፍሪጁን ለብቻው መስመር ማስገባት የነበረባት እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ስፈልግ ውዬ ራሴን አመመኝ።

ሊቁ ምንም አላለኝም። ያ ዝምታው! የሚናገረው ቢኖረው ይናገራ!

ረቡዕ 18

ቁልፉ ቢገኝ ገንዘቡን የምናስገባበት ዋሌት ከፈትን፣ የጋራ። ዋሌት የሚሉት የክሪፕቶ ቦርሳ ነው። ቦርሳውን የሚከፍቱትን ቃላት ለሁለት ከፈላቸው፤ ግማሹን እሱ ያዘ፣ ግማሹን እኔ።

«ግማሽ ግማሽ ነው እታለም። አንዳችን ያለ ሌላው መክፈት አንችልም።»

«አታምነኝም ማለት ነው?»

«ራሴንም አላምንም» ብሎ ሳቀ።

አልሳቅሁም። ካርዱ የእኔ፣ ቤቱ የእኔ፣ መብራቱ የእኔ። ግማሽ ግማሽ!

ዓርብ 20

ስራ የለም ዛሬ። ማለቴ አለ፣ አልሰራሁም።

ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ እማዬና እሱ ሳሎን ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ከተሳካልህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«ከዚህ ቤት እወጣለሁ እማዬ። እታለም ደክሟታል፤ በዚህ ዕድሜዬ ሸክም ሆኜባታለሁ።»

ሰማችሁ? መጀመሪያ የሚያስበው መውጣት ነው! ይዞ መውጣት! እማዬን ለእኔ ጥሎ፣ ስቱዲዮውን አቃጥሎ፣ ካርዶቼን አሳርሮ እሱ ይውጣ። «ደክሟታል» የምትለዋም ለማስመሰል ናት።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ አንድ ዋሌት ከፈትኩ። ለማወቅ ያህል ነው፣ እንዴት እንደሚሰራ። ሰው በሚሰራበት ነገር ላይ ማይም መሆን የለበትም።

ሰኞ 23

የአንዷ ሙሽራ እናት መጣች። «ሰርጉ ካለፈ ልጄ ልትወልድ ደርሳለች፣ ቪዲዮው የት አለ?» ብላ ደንበኛ ፊት አዋረደችኝ። ማሽኑ ስራ በዝቶበታል አልኳት። እውነት ነው፣ በዝቶበታል። ወንድሜ የለቀቀልኝን አራተኛውንም ማሽን ባለፈው ሳምንት እኔው ራሴ ወደ ፍለጋው መልሼዋለሁ። አንድ ሰው ሲያዋክበኝ እጄ አይሰራም፤ ጮኽኩባት። ቀብዷን መልሼ በሩን ከፈትኩላት።

ሊቁ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰምቷል። «እታለም፣ ሁለቱን ማሽን ለሰርጉ እናድርገው፣ እኔ ቀስ ብዬ እቀጥላለሁ» አለኝ።

«አሁን ደግሞ ደከመህ?» አልኩት።

«የእኔ ነገር ዕድል ነው። የአንቺ ግን እንጀራሽ ነው።»

ምክር! ለእኔ!

ዓርብ 27

ከሳጥኖቹ አንዱን ሰው ከፈተው። የእኛን አይደለም፣ ከእኛ የሚያንሰውን። ወንድሜ ዜናውን አንብቦ «ጎበዝ» አለ። ጎበዝ! እኔ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ከአፉ ሲነጥቁት ጎበዝ የሚል?

የእኛን፣ የእኛን እያልኩ ነው የምጽፈው። ከመቼ ጀምሮ?

ሰኞ 30

ሙቀቱ አልቻልኩትም። ውጪው ይነዳል፣ ውስጡ ይነዳል። ሁለት ጊዜ ብሬከር ወረደ። ሁለቱንም ፋርማሲስቷ አነሳችው፣ ሳትናገር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ዞር ታደርጋለች። ታድርግ።

ማክሰኞ 1፣ አዲስ ወር

ሐሙስ እማዬ ዓይኗን ልትሰራ ቀጠሮ አላት፣ የሞራው ቀዶ ጥገና። እኔ እንድወስዳት ፈልጋ ነበር። ስራ አለብኝ አልኳት። እሱ ይወስዳታል፣ ሊቁ።

ሐሙስ 3፣ ረፋድ ላይ

ሄዱ። ብቻዬን ነኝ። ፀጉሬ ላብ በላብ።

ሐሙስ 3፣ ከምሳ በፊት

ወጣ ወጣ ወጣ

ሐሙስ 3፣ ከሰዓት

ሌባ። ሌባ ነው። ዓይኔ እያየ።

ሐሙስ 3፣ ማታ

አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት። እንደሆነው ልጻፈው።

ፍለጋው ባጨናነቀው አራተኛው ማሽን ላይ ከአንድ የመልስ ቀረጻ የሙሽራውን አጎት ጭፈራ እየቆረጥኩ ነበር። ሦስተኛው ማሽን ጩኸቱን ቀነሰ። መጀመሪያ ተበላሸ ብዬ ነው የደነገጥኩት። ሄጄ ሳየው የሚሮጡት ቁጥሮች ቆመዋል። ከስር አንድ መስመር ወጥቷል፤ «ተገኘ» ይላል፣ ከጎኑ ቁጥሩ።

ተቀመጥኩ፣ ወለሉ ላይ። ከዚያ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አንድ መስመር ወጣ» አልኩት።

«ምን ይላል?»

«ተገኘ ይላል።»

 ከጀርባው ነርሷ ተረኛ ስትጠራ ይሰማኛል። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«እታለም ስሚኝ። ምንም አትንኪ። በሩን ቆልፊ፣ ቁጥሩን ለማንም አታሳዪ፣ የትም አትላኪ። እማዬ ከክፍሉ ልትወጣ ነው፣ እንደወጣች ይዣት እመጣለሁ።»

«ሌላ ሰው ከቀደመንስ?»

«አይቀድመንም።»

«በምን ታውቃለህ? ባለፈው የቀደሙትስ? እዚህ ቁጭ ብዬ ላይ?»

«አትንኪ አልኩሽ!»

ጮኸብኝ። በሕይወቱ ጮኾብኝ አያውቅም። በገዛ ስቱዲዮዬ፣ በገዛ ማሽኔ ላይ፣ እጅሽን አንሺ ተባልኩ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ጠበቅሁ። በእውነት ጠብቄያለሁ። ግን ቁጥሩ እዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ በዓለም ላይ ስንት ማሽን እየሮጠ፣ አንድ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል? እንዴት እንደሚላክ ራሱ አሳይቶኛል። ቁጥሩን አስገባሁ። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ውስጡ ያለው ታየኝ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም። የሚሄድበትን አድራሻ ሞላሁ። ላክሁት።  «በመጠባበቅ ላይ» አለኝ።

ምን ተሰማኝ? ሳቅሁ። ብቻዬን። ለእማዬ ምን እንደምላት አሰብኩ። አየሽ፣ ያንቺ ሊቅ ሳይሆን እኔ ነኝ ልላት።

ሻይ ለማፍላት ተነሳሁ። ውሃው ሳይሞቅ ተመልሼ ሳይ ሳጥኑ ባዶ ነው። ደስ አለኝ፣ ሄደ ብዬ። የሚደርስበትን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። እንደገና ከፈትኩ። ምንም። የእኔ ትዕዛዝ ተሰርዟል። ገንዘቡ ግን ሄዷል፣ ወደማላውቀው አድራሻ፣ በሌላ ሰው ትዕዛዝ።

ደረጃው ላይ ሩጫ ሰማሁ። እማዬ ናት! አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ታሽጎ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ወንድሜ ክንዷን ይዟት። «ተገኘ አሉኝ! ልጆቼ! ተገኘ!» እያለች። ሳቋን ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

እሱ አላያትም፣ አላየኝም። ስክሪኑን አየ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ወንበሬ ላይ።

«ምን አደረግሽ?» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ሌባ ወሰደው!» ብዬ ጮኽኩ። «ሌባ! ከእጄ ላይ!»

«የምን ሌባ?» አለች እማዬ፣ በአንድ ዓይኗ ክፍሉን እየቃኘች። «በሩ ተቆልፎ አልነበረ እንዴ?»

ዓርብ 4

አስረዳኝ። ማስረዳት አያቅተውም፣ አስተማሪ ነው።

ሳጥኑ ሳይነካ የተቀመጠ ጊዜ ቁልፉን ለማግኘት መላ የለም፣ መሞከር ብቻ ነው። ገንዘቡን ለማውጣት ሲላክ ግን ትዕዛዙ መጀመሪያ ሁሉም የሚያየው ወረፋ ላይ ይቆማል። ትዕዛዙ ላይ ስለ ቁልፉ ትልቅ ፍንጭ አለ። ያንን ፍንጭ ይዞ፣ በተወሰነ ክልል ውስጥ ያለን ቁጥር ማግኘት ለትልልቅ ማሽኖች የደቂቃ ስራ ነው። ያንን ብቻ ሌት ተቀን የሚጠብቁ አሉ። ሌላው ለፍቶ ያገኘውን ቁልፍ ከአፉ ሰምተው፣ ከፍ ያለ ክፍያ ከፍለው በወረፋው ይቀድሙታል።

«ለዚህ ነው አትንኪ ያልኩሽ። ወረፋው ላይ ሳይወጣ፣ ትዕዛዙን ለሚያጸድቁት ሰዎች በቀጥታ በድብቅ የሚደርስበት መንገድ አዘጋጅቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ልክ ነሽ፣ መንገር ነበረብኝ» አለ።

አያችሁ? ራሱ አመነ! ጥፋቱ የእሱ ነው! ስልክ ላይ አንድ ቃል፣ «ይቀሙሻል» ቢለኝ ምን ነበረበት? አትንኪ! አትንኪ ይባላል ለትልቅ ሰው? ያንን ሌባ ባገኘው፣ ሰው ይሁን ማሽን፣ በጥርሴ ነበር የምቦጫጭቀው።

እማዬ ጠየቀችው፣ ምን ተፈጠረ ብላ። «ፕሮግራሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እማዬ፣ እታለም ምንም አላጠፋችም» አላት። አላስተባበልኩም። ዞሮ ዞሮ እውነት ነው እኮ።

እሁድ 6

ማሽኖቹን አጸዳልኝ። አቧራውን አራግፎ፣ የፍለጋውን ፕሮግራም ከአራቱም አጥፍቶ፣ ለሰርግ ስራ እንዲመቹ አስተካከላቸው። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ ጠየቀኝ።

«እታለም፣ ወዴት ነው የላክሽው?»

«ወደ ጋራችን ነዋ! ወዴት እልካለሁ?»

ራሱን ነቀነቀ። «የተሰረዘም ትዕዛዝ ይታያል። ለሁሉም ነው የሚታየው። አይቼዋለሁ።»

ይሰልለኛል ማለት ነው! ገንዘብ ተዘርፈን፣ ሌባው በሰላም እየኖረ፣ እሱ እኔን ይመረምራል! ይሄንኑ ነገርኩት። ብዙ ነገር ነገርኩት። የበላውን እንጀራ ቆጠርኩበት። «ውጣልኝ ከስቱዲዮዬ» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

«እሺ» አለኝ።

እሺ!

ረቡዕ 9

ልብሱን ይዞ ወጣ። በከተማው ወዲያኛው ጫፍ የሆነ ትምህርት ቤት ለክረምት ተማሪዎች ሂሳብ ሊያስተምር ተቀጥሯል፤ እዚያው ከአንድ ጓደኛው ጋር ይኖራል።

ቤቱ ሰፋ። መብራት አይጠፋም። እፎይ ማለት ነበረብኝ።

ቅዳሜ 12

ፋርማሲስቷ መጣች። ነገር ፍለጋ መሰለኝና ተዘጋጀሁ። ለካ ወንድሜ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ልኮላት ኖሮ፣ ስልኩን ስላላነሳላት አመስግኚልኝ ልትለኝ ነው።

«ጨዋ ልጅ ነው» አለችኝ። «ያን ዕለት ግን እሱ አልነበረም አይደል? እሁድ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቴ መስኮት አይቼሽ ነበር፣ ስትገቢ።»

 መልስ አልጠበቀችም፤ ወረደች።

ማክሰኞ 15

ሁለት ሰርግ አስረከብኩ። አንዱ ላይ ሙሽሮቹ እቅፍ አድርገውኝ አለቀሱ። የሚያስለቅስ ነገር አልነበረውም። ሁሉም ነገር ያበሳጨኛል፣ ደስታም ጭምር።

እሁድ 20

እማዬ በየቀኑ ትደውልለታለች። ስልኩን ድምፅ አውጥታ ነው የምታወራው፣ ጆሮዋ ስለደከመ። ሁልጊዜ ሰላም ብላ ትጀምርና ወደዚያው ነገር ትገባለች። ዛሬም ጀመረች።

«ያንን ሁሉ የእህትህን ልፋት ውሃ አስበላኸው። አንዲት ቀን እንኳ ብትጠነቀቅ ምን ነበረበት!»

«አዎ እማዬ።»

«ሊቅ ነህ እያልኩ አፌን ሞልቼ ስናገር ሰው ፊት አዋረድከኝ።»

«አዎ እማዬ፣ አጠፋሁ።»

አትክልት እየከተፍኩ ነበር። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ስንት ቀን ሙሉ ይሄን አዎ ስሰማ ኖሬያለሁ። ማን ለመነው? ማን ጥፋቴን ተሸከምልኝ አለው? ቢላውን ጥዬ ስልኩን ከእጇ ነጠቅሁት።

«በቃ! ዝም በል! እኔ ነኝ የላክሁት! አትላኪ እያለኝ እኔ ነኝ የላክሁት፣ ወደ ራሴ ነው የላክሁት፣ ወደ ስልኬ! ሰማሽ እማዬ? የሱን ግማሽም ጨምሬ! የሴትዮዋንም ፍሪጅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

 እማዬ አየችኝ። ዓይኗ ከተከፈተ ወዲህ ሰውን የምታየው እያንዳንዱን መስመር እያነበበች ነው።

«ይሄን ሁሉ ቀን ልጄን ስሰድበው አጠገቤ ተቀምጠሽ ትሰሚ ነበር?» አለችኝ።

ከስልኩ ውስጥ እሱ አቋረጣት። «እማዬ፣ ምሳ በላሽ? የዓይን ጠብታሽን እንዳትረሺ» አለ። ቻው ብሎ ዘጋ።

ምሳ በላሽ! ሌላ ምንም የለውም! እሳት ለብሼ መኝታ ቤት ገባሁ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት?

ማክሰኞ 22

ጠዋት ከስቱዲዮ ደወልኩለት።

«ስደበኝ» አልኩት።

«ክፍል ውስጥ ነኝ እታለም፣ ከሰዓት እደውልልሻለሁ።»

አይደውልም ብዬ ነበር። ደወለ። ደንበኛ ስለነበረኝ ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«እሺ» አለኝ፣ «እሰድብሻለሁ።»

ጀመረ። ሰው ይሄን ሁሉ ይዞ እንዴት ምሳ በላሽ ይላል? ያቺን ሴትዮ ይቅርታ ስጠይቅ ዝም ብለሽ አየሽኝ አለኝ። ሽማግሌውን ደግፌ ስሄድ እጃቸው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ አንቺ ሻይ ታፈዪ ነበር አለኝ። እናቴ በታሸገ ዓይኗ ደረጃ እየሮጠች የወጣችው ለማን ደስታ መሰለሽ አለኝ። የበላሁትን ቆጠርሽብኝ አለኝ። ስግብግብ አለኝ። ውሸታም አለኝ። «ግማሽ ግማሽ ያልኩት አንቺን እንዳልጎዳ ፈርቼ እንጂ፣ ሙሉውን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር! ነበር እኮ! አፍሽን ከፍተሽ ብትጠይቂኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ የልጅነታችንን አመጣው፣ የማስታውሰውንም የማላስታውሰውንም። ፋርማሲስቷ ወደ ደጃፏ ወጥታ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ደንበኛዬ መጠበቅ ሰልችቶት ከጎኔ አልፎ ወረደ። 

ትንፋሹ እስኪያጥረው ተናገረ። 

«ጨረስክ?» አልኩት።

«አልጨረስኩም።»

«ቀጥል» አልኩት።